ያልደረቀው ሥዕል

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ውሸት ቢሆንልኝ ምንኛ በወደድኩ።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ጓሯችን ባለችው የእትዬ የስፌት ክፍል ውስጥ።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ግን የስፌት መኪናዋን ጨርቅ አልብሳ በውሃ ቀለም መሣል ጀመረች።

ያስተማራት ሰው የለም። እርሳስ አትነካም። ወረቀቱን ውሃ እስኪጠግብ በስፖንጅ ትዳብሰዋለች፣ ቀለም ጠብ ታደርግበታለች፣ ከዚያ ወዲያ ወዲህ ታዘነብለዋለች። ሲያሰኛት ጨው ትበትንበታለች፤ ሲያሰኛት በስትሮ እፍ ትልበታለች።

ምን እየሣልሽ ነው ስላት፣ እኔ ምን አውቄ፣ ውሃውን ጠይቂው ትለኛለች። እንስቃለን።

አንድ ቀን ቀለሙ ተስፋፋ፣ ተስፋፋና... ጀርባዋን የሰጠች ሴት ሆነ።

ሰማያዊ ሻርፕ። ጎበጥ ያለ ትከሻ።

እማዬ!

እማዬ ካሜራ ስታይ ፊቷን ትሸፍን ስለነበር አንድም ፎቶ አልቀረንም። ተቃቅፈን አለቀስን።

በማግስቱ ወረቀቱ አልደረቀም።

ፀሐይ ላይ አሰጣነው። አሁንም አልደረቀም... ስነካው ለብ ይላል። እንደ ሰው ገላ።

እትዬ ግን ደስ አላት። ካልደረቀ ገና አላለቀም ማለት ነው፣ ፊቷም ይመጣል አለችኝ። ውሃ እየጨመረችበት ትጠብቅ ጀመር። እህል ተወች። የጣቶቿ ቆዳ ልብስ ስታጥብ እንደዋለች ሴት ተጨማደደ።

ከሥራ ስመለስ በር ላይ ሆኜ ስታወራ እሰማታለሁ።

"አዎ... እሺ... ብቻዬን ነኝ።"

ከዚያ ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴትዮ መዞር ጀመረች። መጀመሪያ የጉንጯ ጠርዝ ብቻ።

ጠጋ ብዬ አየኋት። አንገቷ ረዘመብኝ። እናቴ ስትታመም ገላዋን የማጥባት እኔ ነበርኩ፤ የእሷ አንገት አጭር ነበር።

"እትዬ... ይቺ እማዬ አይደለችም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ማናት?"

"ቀስ በይ... ትሰማሻለች።"

እንቅደደው አልኳት። ሞክሬዋለሁ አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ከክርኗ እስከ አንጓዋ ተተርትሯል።

ደም የለውም። የቁስሉ ጠርዝ ነጭ ነው... እንደ ወረቀት።

እየሮጥኩ ወጣሁ። ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ ነገሩን ሳልጨርስላት ተከትላኝ መጣች።

እትዬ ወንበሯ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች። በመስኮት የገባው ፀሐይ ትከሻዋ ላይ አርፏል። አገር ሰላም ይመስላል።

"እትዬ?"

"አትንኪኝ፣ ሚጣዬ... እርጥብ ነኝ።"

ነካኋት።

ከዚያ ያየነውን ነርሷም ለማንም አልተናገረችም። በሳምንቱ ሰፈሩን ለቀቀች። በዚያኑ ዕለት የመጡት ፖሊሶች እህትሽ የት ገባች ብለው ሲጠይቁኝ ወለሉን አሳየኋቸው። ወንበሩ ሥር ውሃ ነበር... ቡናማና ሰማያዊ። ተያይተው ሐዘን ነው አሉና ሄዱ።

ሥዕሉ ያለበት ወረቀት ደርቋል። ምንም የለበትም። ነጭ ነው።

ውሃውን በጨርቅ እያነሳሁ ባልዲ ውስጥ ጨመቅኩት። እህቴን ምን ላድርጋት? መቅበር አይቻል፣ ማስቀመጥ አይቻል። ሳለቅስ ቆይቼ ግቢው ሲሚንቶ ላይ ደፋሁት።

ሲደርቅ ሁለት ሴቶች ሆነ። አንዷ ረጅም አንገት አላት። ሌላዋን በአቀማመጧ አወቅኋት።

በበረኪና ፈገፈግኩት። ክረምቱም ዘነበበት። አልለቀቀም። ቤቱን ልሽጥ ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን እህቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ?

ጠዋት ጠዋት በሬን ስከፍት እዚያው ናቸው። እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተዋል...

በመሃላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው።