በአምስተኛው ወር የማትባል ቃል

ፑይ-ሻን የመብያ እንጨቶቿን ከዓሣው ሥር ስታስገባ አባቷ እጇን ለቀም አደረጉት።

«ተይው!»

«የላይኛው አልቋል እኮ አባዬ።»

«አጥንቱን አንሺና ከሥሩ ብዪ። ጀልባ ላይ የምትወጣ ልጅ፣ ያውም በዛሬ ቀን!»

አልተከራከረችም። በመንደራቸው በጨረቃ አቆጣጠር አምስተኛው ወር ከገባ ከአፍ የማትወጣ አንዲት ቃል አለች። ላይ የነበረው ታች፣ ታች የነበረው ላይ ሲሆን የምንላት ናት፤ ለዓሣም ለጀልባም ያው ናት። የጀልባ መንደር ስለሆነ ነገሩ ሳህን ላይ እንኳ አይደረግም። እኔም ለጊዜው ባልጽፋት ይሻለኛል፤ ያደግሁት እዚያው ነው፣ ልማድ ደግሞ አይለቅም።

ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራም። በመስኮቱ የሚታየው ወንዝ አፉ ድረስ ሞልቶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ የሙዝ ግንድ ሳይቀር እያንከባለለ ይወርዳል። ፑይ-ሻንን ያስፈራት ግን ወንዙ ብቻ አልነበረም። ዛሬ በሚወዳደሩበት ጀልባ ላይ ከበሮ የምትመታው ጓደኛዋ ኪት-ዪንግ ዋና አትችልም። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ኪት-ዪንግ ራሷና እሷ።

ከሁለት ሳምንት በፊት አሠልጣኛቸው እትዬ ሶንግ ሃያ አንዱንም ልጆች በትምህርት ቤቱ ገንዳ ሁለት መቶ ሜትር እያስዋኘች ስማቸው ላይ ምልክት ስታደርግ፣ ፑይ-ሻን ሁለቴ ዋኘች። አንዴ በራሷ፣ አንዴ በኪት-ዪንግ ስም። ቀይ የዋና ኮፍያና ትልቅ መነጽር ያደረገ ሰው ማን ይለየዋል?

«በናትሽ!» ብላ ነበር ኪት-ዪንግ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ። «እኔ እኮ ከበሮ ነው የምመታው። ውሃው ውስጥ ምን አባቴ እሠራለሁ?» ያን ቀን ሁለቱም እስኪያማቸው ስቀው ነበር።

አሁን ምስጢሩን ማውጣቱ ቀላል አልነበረም። በመንደሩ ታሪክ ሴቶች የዘንዶ ራስ በተቀረጸበት ድራጎን ጀልባ ላይ ሲወጡ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጀልባዎቹን የሚጠብቁት አባባ ሎክ እሺ ያሉት በስንት ልመና ነው። «ዋና የማትችል አንዲት ብትገኝ ጀልባዋ ተመልሳ ጭቃ ትገባለች፣ አለቀ!» ብለዋል። ጀልባዎቹ ዓመቱን ሙሉ ኩሬው ሥር ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ነውና የሚከርሙት፣ ሰውየው የምራቸውን ነው። እትዬ ሶንግ ተንሳፋፊ ጃኬት ይልበሱ ብትላቸውማ ሊመቷት ምንም አልቀራቸውም። «ያንን ለብሶ ድራጎን ላይ መቀመጥ ቃሏን ጮኾ ከመጥራት በምን ይለያል?»

ፑይ-ሻን ወንዙ ዳር ስትደርስ ኪት-ዪንግን ጎትታ ከቤተ መቅደሱ ግድግዳ ጀርባ ወሰደቻት።

«አሞኛል በይ። ሆዴን በይ፣ የፈለግሽውን በይ።»

«ምነው አንቺ? እናቴ ከፋብሪካዋ ፈቃድ ጠይቃ መጥታለች እኮ። ያውና፣ ድልድዩ ላይ ቆማለች።»

«ወንዙን አይተሽዋል?»

«አላየሁትም፤ አላየውምም። ከበሮውን ብቻ ነው የማየው። አታካብጂ!»

እንዲህ ትበል እንጂ እጇ በዚያ ሙቀት በረዶ ሆኗል።

ርችት ተተኮሰ። አባባ ሎክ የትርንጎ ቅጠል ውሃ ውስጥ እየነከሩ የድራጎኑን ራስ ረጩት፤ ከዚያ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው ልጆቹንም ረጩ። ሁሉም ገቡ። ፑይ-ሻን የፊተኛው ወንበር ላይ ናት፤ ኪት-ዪንግ ደግሞ ጀርባዋን ለድራጎኑ ራስ ሰጥታ ፊት ለፊቷ። ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

የጎረቤት መንደር ወንዶች ጀልባ በአጠገባቸው ሽው ብሎ አለፈ። ማዕበሉ መጣና ጠባቧን ጀልባ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ጣላት። ውሃ ገብቶ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ሞላ። ልጆቹ ጮኹ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቁ። ኪት-ዪንግ ግን አልሳቀችም። የከበሮውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። መምቻዎቹ ወድቀው እግሯ ሥር ይንሳፈፋሉ፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

ሰባት መቶ ሜትር ነው፣ አራት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ አለች ፑይ-ሻን በልቧ። ምንም ላይሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። ከዚያ የኪት-ዪንግ እጅ ቡናማው ውሃ ውስጥ ሲገባ ታያት፤ እዚያ ውስጥ የገባ እጅ አንድ ክንድ ርቀት ላይ እንኳ አይታይም። እሷ ራሷ በዚያ ሁሉ ጎበዝ ዋናተኝነቷ ልታገኘው አትችልም።

«ሁሉም ደህና?» አለች እትዬ ሶንግ ወንዙ ዳር ካለው የመሳፈሪያ ድንጋይ ላይ።

«ደህና!» አሉ ልጆቹ በአንድ አፍ።

«እትዬ ሶንግ» አለች ፑይ-ሻን። «ጀልባዋ ብትገለበጥ ኪት-ዪንግ ትሰምጣለች። ዋና አትችልም። በእሷ ስም የዋኘሁት እኔ ነኝ።»

ብትገለበጥ! ያውም ጀልባዋ ላይ ተቀምጣ! አባባ ሎክ ወደ ውሃው ሦስት ጊዜ ተፉ። ከኋላ ያለችው ልጅ ፑይ-ሻንን ጀርባዋን በመቅዘፊያዋ እጀታ ወጋቻት። «አፍሽን ዝጊ! አብደሻል?»

«ውሸቷን ነው» አለች ኪት-ዪንግ። ዓይኗን ከከበሮው አልነቀለችም። «ከበሮውን ለራሷ ፈልጋው ነው። ዝርዝሩን እዩት።»

ፑይ-ሻን ጆሮዋን አላመነችም። ፊቷን በጥፊ የተመታች መሰላት።

እትዬ ሶንግ በላስቲክ የተሸፈነውን ወረቀት አወጣች። «ምልክት አለ። ሁለት መቶ ሜትር ይላል።» በድምፅ ማጉያው የመንደራቸው ስም ተጠራ። «ፑይ-ሻን፣ ፈርተሽ ከሆነ ፈራሁ በይ፤ ነውር የለውም።»

«ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ። ያልኩት ግን እውነት ነው።»

መቅዘፊያዋን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወደ ድንጋዩ ዘለለች። አንድ ሰውዬ ጀልባዋ የታሰረችበትን ገመድ ሊፈታ አጎንብሷል። ቀደመችውና ቋጠሮው ላይ ተቀመጠችበት።

«እሷ ካልወረደች አልነሳም።»

ከዚያ ወዲያ ያልተባለችው ነገር የለም። ፈሪ፣ ምቀኛ፣ እርጉም። ከመሃል አንዲቷ ልጅ ታለቅሳለች። «ይኸው፣ አልኳችሁ አይደል!» ይላሉ አባባ ሎክ። እዚያ ማዶ የሌሎቹ ከበሮ ተመታ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ ጀልባዎቹ ተፈተለኩ። የእነሱ መስመር ባዶውን ቀረ። ፑይ-ሻን አንገቷን ደፍታ ገመዱን ይዛ ቀረች።

እትዬ ሶንግ ኪት-ዪንግን ለረጅም ጊዜ አየቻት። የከበሮውን ጠርዝ የጨመደዱት ጣቶች እስካሁን አልተላቀቁም። ዝርዝሩን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና በጉልበቷ ተንበረከከች።

«ነይ ውጪ፣ ልጄ።»

ኪት-ዪንግ ተነሳች። በጀልባዋና በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተት ግማሽ እርምጃ አይሞላም፤ በሥሩ ውሃው እየተጥመለመለ ያልፋል። ጫፉ ላይ ቆማ ቀረች። እትዬ ሶንግ እጇን ዘረጋችላት፤ አልያዘችውም። እግሯም እሺ አላላትም።

«ፑይ» አለች። «እጄን ያዢኝ።»

ፑይ-ሻን ከገመዱ ላይ ተነሳችና ያዘቻት። ድንጋዩ ላይ ከወጣችም በኋላ ኪት-ዪንግ እጇን አልለቀቀችም፤ ፊቷን ግን ወደ ፑይ-ሻን አላዞረችም።