ጢጢ ወደ ሰማይ ሄደች

የሄራን እናት ሳተላይት ትሠራለች። አንድ ቀን ሄራንን ወደ ሥራ ቦታዋ ይዛት ሄደች።

ሄራን በጣም ትልቅ ነገር ጠብቃ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሳተላይት ግን የጫማ ካርቶን ታክላለች።

«ጢጥ! ጢጥ!» አለች ሳተላይቷ። ሄራንም «ጢጢ» የሚል ስም አወጣችላት።

«እማዬ፣ ጢጢ ለምን ትንሽ ሆነች?»

«አዲስ ዓይነት ክንፍ ሠርተናል። ሰማይ ላይ መዘርጋት አለመዘርጋቱን መጀመሪያ በትንሿ እንሞክራለን። ከዚያ ለትልቋ ሳተላይት እንሠራለን።»

«ከሞከራችሁ በኋላ ትመለሳለች?»

«አትመለስም፣ የኔ ልጅ። እዚያው ትቀራለች።»

ለሙከራ ብቻ ሄዳ እዚያው ልትቀር? «ግራ ገባኝ» አለች ሄራን።

ጢጢ ሩቅ አገር ሄዳ ሮኬት ላይ ተጫነች። ሹ-ው-ው-ው! ሮኬቱ ወደ ላይ ወጣ።

ሄራን በቴሌቪዥን እያየች እጇን አውለበለበች። ጢጢ ግን አልታየቻትም።

«ሮኬቱ ሆድ ውስጥ ናት» አለች እናቷ።

«ሮኬት ሆድ አለው? ግራ ገባኝ» አለች ሄራን።

በማግስቱ ሄራን ከእናቷ ጋር ወደ ሥራ ቦታ ሄደች። ሁሉም ጢጢን ለመስማት ተሰበሰቡ። የእናቷ ባልደረባ ጋሽ ምናሴ ድምፅ ማጉያውን ከፈቱ።

ጸጥ… ጸጥ… ምንም የለም።

«ጢጥ… ጢጥ…»

ሄራን ዘለለች። ጋሽ ምናሴ ግን ኮምፒውተሩን ጠጋ ብለው አዩ።

«ክንፉ ግማሹ ብቻ ነው የተዘረጋው» አሉ።

የሄራን እናት «ተዘርጊ» የሚል መልእክት ላከች። ክንፉ ንቅንቅ አላለም። ደግማ ላከች። አሁንም ንቅንቅ አላለም።

እናቷ ክንፉ የቆመበትን ቦታ ኮምፒውተሩ ላይ አይታ ብዙ አሰበች። ከዚያ ፈገግ አለች።

«ጎበዝ ጢጢ» አለች። «ክንፉ የት ጋ እንደሚያዝ ነገረችን።»

ክንፏ ተይዞባት እንዴት ጎበዝ ትባላለች? «ግራ ገባኝ» አለች ሄራን። ልታለቅስም ምንም አልቀራት።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶብሱ ውስጥ በረዳት። ሹራቧን ስትለብስ አንድ እጇ እጅጌው ውስጥ ተያዘ። ገፋች፣ ገፋች። አልወጣም።

«የት ጋ ነው የያዘሽ?» አለች እናቷ።

«እዚህ ጋ። ክርኔ ጋ።»

እናቷ የታጠፈውን እጅጌ ቀስ አድርጋ ዘረጋችው። ብቅ! እጇ ወጣ።

ሄራን እጇን አየች። በመስኮቱ ደግሞ ሰማዩን አየች።

«የትልቋ ክንፍ እዚያ ጋ አይያዝም» አለች። «ጢጢ ነግራችኋለቻ።»

«አዎ፣ የኔ ልጅ።»

«ገባኝ» አለች ሄራን ቀስ ብላ። «ነገም ትሰሟታላችሁ?»

«ነገም፣ ከነገ ወዲያም። በላያችን ባለፈች ቁጥር እንሰማታለን።»

ሄራን እናቷ ክንድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እናቷም ልጇ እንዳትነቃ ብላ፣ ቤት እስኪደርሱ ክንዷን አላንቀሳቀሰችም።