የጫጩቷ ስኳር

የወፍ ሐኪሙ ዘርሁን የጭልፊት ጎጆ ያለበትን ዛፍ እንዳይስት ሁሉም ላይ ቀይ ሪባን ያስር ነበር። በ2008 ታኅሣሥ፣ ሱሉልታ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ስትታመስ ግን፣ ዛፍ ላይ ሪባን ያሰረ ሰው መሬት ሊቆርስ የመጣ ቀያሽ ነው የሚባለው። ነግሬው ነበር። እሱ ግን ከወፍ በቀር ማንንም አይሰማም።

እኔ ክሊኒክ ውስጥ ደም መርማሪ ነኝ። የተዋወቅነውም የጫጩቶች ደም ሊያስመረምር ሲመጣ ነው። «ምግቡና ውሃው ተስማምቷቸው እንደሆነ ደማቸው ይናገራል» ሲለኝ ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም። ከዚያ ወዲህ አባቴን ፈርተን ተደብቀን ስንዋደድ ቆየን።

የዚያን ቀን «ቀያሹ ተያዘ» ሲባል ሰማሁና ሮጥኩ። ከዋናው መንገድ የጎማ ጭስ ይታያል፤ ተኩስም ይሰማል። ዘርሁን ሪባን ያሰረበት ባሕር ዛፍ ሥር ዱላ በያዙ ልጆች ተከቧል፤ አንዲት የጭልፊት ጫጩት በጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዟል። ያስያዘው ጎረቤታችን ኦቦ ሳህሉ ነው። አባቴም እዚያው ቆሟል።

«ቀያሽ አይደለም» አልኩ። «የወፍ ደም ነው የሚመረምረው።»

«የወፍ ደም ደግሞ ለማን ይበጃል?» አለ ኦቦ ሳህሉ።

አንዱ ልጅ ዱላውን አነሳ።

«ኢጆሌ፣ ቆዩ እስቲ ልጆቼ» አለ አባቴ። «ያሳየን።»

ዘርሁን የጫጩቷን ክንፍ ገለጠ፤ በቀጭን መርፌ ወጋ አድርጎ ጠብታዋን ትንሿ የስኳር መለኪያ ላይ አሳረፈ። አባቴ መለኪያዋን ሲያይ ጠጋ አለ። ስኳር በሽታ ስላለበት ጠዋት ጠዋት ጣቱን ወግቶ የሚለካው በእንዲህ ዓይነቷ ነው።

«ሦስት መቶ» ብሎ አነበበ። «ይህቺማ አልቆላታል።»

«የለም አባባ፣ ለወፍ ጤና ነው» አለ ዘርሁን። «ሰው ላይ ቢሆን ነበር የሚያስደነግጠው።»

አንዱ ሳቀ፤ ዱላው ዝቅ አለ። እፎይ ሳልል አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ አያንቱ፣ ይህን ልጅ የት ታውቂዋለሽ?»

ዘርሁን ያየኛል። መዋሸት እችል ነበር፤ ግን ስፈራ መኖሩ ሰለቸኝ።

«እወደዋለሁ፣ አባባ።»

አባቴ ከእግሩ እስከ ራሱ ገረመመው። «ለወፍ ዛፍ ትወጣለህ። ለልጄ ሽማግሌ መላክ አቃተህ?»

«ዘመዶቼ ያሉት ሆሳዕና ነው» አለ ዘርሁን። «መንገዱም ተዘግቷል።»

አባቴ ወደ ጎረቤቱ ዞረ።

«እንግዲህ ሳህሉ፣ ያስያዝከው አንተ ነህ። ሽማግሌ ሆነህ ቤቴ የምትመጣለትም አንተ ነህ።»