ለሁለተኛ ጊዜ ሲደመጥ

መምህር እንዳልካቸው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በተቆለፈው የትምህርት ቤቱ የማዳመጫ ክፍል ውስጥ፣ ማዳመጫው ከጆሮው ሳይወልቅ ሞቶ ተገኘ። ቀትር ላይ ያነቀው የዚያው ማዳመጫ ገመድ ነው። ኮምፒውተሩም የአንዲት ልጅ የሚንተባተብ እንግሊዝኛና የተማሪዎች ሳቅ ያለማቋረጥ ይደጋግም ነበር።

ኢንስፔክተር የዓለምዘርፍ ዓርብ ጠዋት ከደሴ መካነ ሰላም ስትገባ ሌላው የእንግሊዝኛ መምህር አህመዲን ታስሮ ጠበቃት። ከሟቹ ጋር ተጣልቷል፤ የማዳመጫ ክፍሉ ቁልፍም ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል። ከተማው ፈርዶበት ጨርሷል። የሟቹ ወንድሞችም ጋቢያቸውን ተከናንበው ጣቢያው በር ላይ ይጠብቁታል፤ ቢለቀቅ በሕይወት ቤቱ አይገባም።

«በቅጂው ላይ የምትሰማው ልጅ ማናት?» ስትል ጠየቀችው።

«ሉሊት» አለ አህመዲን። «እንዳልካቸው ክፍል ውስጥ ስታነብ ቀድቶ በድምፅ ማጉያ ለቀቀው። ‹እንዲህ እንዳታነቡ› ብሎ! ግቢው በሙሉ ሳቀባት። ትምህርቷን ጥላ ዓረብ አገር ሄደች፤ አስከሬኗ ነው የተመለሰው። እኔም የተጣላሁት ድምጿን አጥፋው ብዬ ነው፣ ወላሂ!»

«ዘመድ አላት?»

«ወንድሟ በላይ እዚሁ ነው። የማዳመጫ ትምህርቶቹን አንብቦ የሚቀዳው እሱ ነው።»

በላይ መልሱን አዘጋጅቶ ነበር የጠበቃት። «ሐሙስ ቀትር ላይ ጎን ካለው ክፍል ትምህርት እየቀዳሁ ነበር። ዘበኛውን ይጠይቋቸው። ቅጂውም ይኸው።»

ዘበኛው ጋሽ ወልደሩፋኤል አልካዱም። «በሩ ሥር ተቀምጫለሁ። ሲያነብ ይሰማኛል፤ አላቋረጠም።»

የዓለምዘርፍ ቅጂውን ከፍታ ማዳመጫውን አጠለቀችላቸው። ሽማግሌው እንግሊዝኛ አይሰሙም። ጥቂት ቆይተው ግን ባርኔጣቸውን አወለቁና አማተቡ። እሷም ማዳመጫውን ተቀብላ ደግማ አዳመጠች።

ቀትር ሲቃረብ ሁሉንም በማዳመጫ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው፤ የሟቹን ወንድሞችም ጭምር።

«ማድመጥ ስታስተምሩ አንዱን ቅጂ ሁለት ጊዜ ታሰማላችሁ» አለች። «መጀመሪያ ለሐሳቡ፣ ቀጥሎ ለዝርዝሩ። እኔም መጀመሪያ ንባቡን ብቻ ሰማሁ። ጋሽ ወልደሩፋኤል ሲያማትቡ ሳይ ግን ከንባቡ ጀርባ ያለውን ፈለግሁ። የቤተክርስቲያን ደወል አለ።»

«ደወል መቼ ጠፍቶ ያውቃል?» አለ በላይ።

«ጋሼ፣ ትናንት ቀትር ላይ ተደውሏል?»

«ኧረ በመድኃኔዓለም! ሐሙስ ምን ቅዳሴ አለ? ቀትር ላይ የሚደወለው በጾም ቀን ነው፣ ቅዳሴ ከሰዓት ሲገባ። ትናንት የሚቀበር ሰውም አልነበረም።»

«እንግዲህ ቅጂው የረቡዕ ነው። ሐሙስ ጎን ባለው ክፍል ቅጂውን ለዘበኛው ከፍተህለት ሁለቱን ክፍሎች በሚያገናኘው በር ወደዚህ ገባህ። በሩ የሚቀረቀረው ባንተ በኩል ስለሆነ ቁልፍ አላስፈለገህም። ደወሉ ሥር ስላደግህ ደግሞ ጆሮህ አልፎታል።»

ያን ጊዜ የዓርቡ ደወል ከውጭ ተሰማ። ጋሽ ወልደሩፋኤል ባርኔጣቸውን አወለቁ። የሟቹ ወንድሞች ዓይናቸውን ከአህመዲን ላይ አነሱ።

በላይ ቀና አለ። «እኔም ሁለት ጊዜ አሰማሁት። መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ሳቃችሁን። ይቅርታ ሊለኝ አፉን ሲከፍት አነቅሁት። የእህቴን ደም መልሻለሁ፤ አይቆጨኝም! አሁን ድምጿን አጥፉላት። ከእንግዲህ ማንም አይስማት።»

«አይቻልም» አለች የዓለምዘርፍ፤ ስትናገረው እሷንም አመማት። «ማስረጃ አድርገኸዋል። ችሎት ላይ በሰው ሁሉ ፊት ይሰማል። ሳቁም ጭምር።»

እስከዚያ ያልተበገረው በላይ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ።