ቤዙ ሲነቀል

ገመዱን ከቤዝ ጊታሯም ከመድረኩ የድምፅ መሰኪያም ነቅላ እጇ ላይ ጠቀለለችው። ጉምጉምታው ግን የትም አልሄደም። ስፒከሩ ሆዱን እንደታመመ በሬ «ኡምምም» ይላል።

«ሰማህ?» አለችው ኪቦርድ የሚጫወተውን ጓደኛዋን፤ ክፍሉ ሁሉ ቱርቦ ነው የሚለው። «የኔ ተነቅሏል። አሁን የሚጮኸው የማን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ቀጮ። መብራቱ ይሆናል።»

«ትናንት ለመምህር ‹ቤዙ ነው የሚጮኸው› ስትላቸው መብራቱ የት ነበር?»

ቱርቦ የኪቦርዱን ገመድ አንዴ ያጣምማል፣ አንዴ እፍ ይልበታል። በዚያች በትናንቷ ቃል ምክንያት የሙዚቃ መምህሩ ከዛሬው የወላጆች ዝግጅት አስወጥተዋታል። «ለሚቀጥለው ትደርሻለሽ፣ የኔ ልጅ» ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት፣ አለቀ። ጣቷ ውኃ እስኪቋጥር የተለማመደችው ሁሉ ገደል ገባ። እናቷ ደግሞ ከሥራ አስፈቅዳ ልትመጣ ነው።

ትናንት ማታ ስታለቅስ ያገኘቻት አክስቷ ናት። አክስቷ በየአዳራሹ እየዞረች ድምፅ ታስተካክላለች። ከመሣሪያ ቦርሳዋ ጡብ የሚያህል ከባድ የብረት ሣጥን አወጣች።

«ይቺ ዲአይ ቦክስ ናት። ባትሪ አትል፣ መብራት አትል፤ ሆዷ ውስጥ ጥቅል ሽቦ ብቻ ነው። ኪቦርዱ መብራት ከመድረክ ይወስዳል፣ ድምፅ የሚቀላቅለው ሚክሰር ከኋላ ግድግዳ። በገመድ ሲገናኙ እንደ ጣውንት ይነታረካሉ። እሷ መሀል ትገባና ድምፁን ብቻ ታሳልፋለች። ካልተዉ ጎኗ ላይ ያለችው ቁልፍ የቀረውን ግንኙነት ትቆርጣለች። ጊታርሽማ ምን አጠፋ? ግድግዳ ላይ አልተሰካ።»

ሣጥኗ አሁን ደብተር መያዣዋ ውስጥ ናት። ይጩኽበት፣ አለች ቀጮ በሆዷ። ወላጅ ሁሉ ፊት ይጩኽበት።

«ከኪቦርዱ ነው ብል የሚያስወጡት እኔን ነበራ» አለ ቱርቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስለዚህ እኔ ልውጣ?»

ከመጋረጃው ኋላ ትንንሾቹ መዘምራን ድምፃቸውን ያሟሻሉ፤ ስፒከሩ ይውጣቸዋል። እነሱስ ምን አደረጉ? እየተናደደች ሣጥኗን አወጣች።

«ድምፁን ዝቅ አድርግ መጀመሪያ። እንዲሁ ብትነቅለው ስፒከሩን ታፈነዳዋለህ።»

የኪቦርዱን ገመድ በአንድ በኩል፣ ወደ ሚክሰሩ የሚሄደውን የማይክ ገመድ በሌላው ሰካች። ድምፁን ሲመልሰው ጉምጉምታው አሁንም አለ። የሣጥኗ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ቀጭ አደረገቻት። ጸጥ አለ።

«አንቺ ልጅ አንደኛ ነሽ» አለ ቱርቦ እየሳቀ።

«አንደኛ አትበለኝ።»

መምህሩ ወንበር ተሸክመው ገቡና ጆሯቸውን ቀሰሩ። «ጎሽ፣ ጠፋ እኮ። ቤዙን ማውጣታችን ጠቀመን።»

ቱርቦ አያት። እሷም አየችው። ቱርቦ ኪቦርዱ ላይ አጎነበሰ።

ቀጮ ጊታሩን አንገቷ ላይ አጠለቀች፣ ገመዱን ፈታች፣ መምህሩ እያዩ መልሳ ሰካችው። ከዚያ ወፍራሙን ክር መታች። ድምፁ ወለሉን ነዝሮ ሄደና ሞተ፤ ከኋላው ምንም ጉምጉምታ አልተከተለም።

«ይሄ እንዴት ነው?» አሉ መምህሩ።

«እሱ ይንገርዎት» አለችና በአገጯ ወደ ቱርቦ ጠቁማ ክሯን መቃኘት ጀመረች።