ሰማይ ላይ የሚሠራው ሙሽራ

ገመዳን የማያንገሸግሸው ነገር አልነበረም። ሳዑዲ፣ ኹበር አል-ጀኑቢያ ውስጥ ከወንድ መንጋ ጋር የሚተኛባት ክፍል፣ የካልሲው ክርፋት፣ የበሉበትን ሳህን አልጋ ሥር የሚገፉ ሰዎች፣ ላብ ላይ የሚረጭ ሽቶ፣ ሁሉም አንድ ላይ ጉሮሮው ላይ ቆሞ ይውላል። ከሁሉ ከሁሉ ግን ሰው የሰው መኪና ተደግፎ ፎቶ ተነሥቶ «ይኸው የኔ» እያለ አገር ቤት ሲልክ ማየት ምራቁን ያስተፋው ነበር።

ሥራውም ቢሆን ለአፍንጫ የሚመች አልነበረም። በየመን በኩል፣ በባሕር የመጣ ሰው ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም፤ ኢቃማ የሌለው ደግሞ ሥራ አያማርጥም። ኸጣብ የሚባል የመናዊ በአሮጌ ፒክአፕ እየጫነ በደማም ቤቶች ያዞረዋል። ገመዳ ጣራ ላይ ወጥቶ የውሃ ሮቶ ውስጥ ይገባና ዝቃጩን ይዝቃል። ኸጣብ ታች መኪናው ውስጥ ኤሲ ከፍቶ ይጠብቃል። ገመዳ ጨርሶ ሲወርድ አፍንጫውን በሻሹ ሸፍኖ «ከኋላ! ከኋላ!» ይለዋል። ከባልዲና ከቱቦው ጋር ተቀመጥ ማለቱ ነው።

ገመዳ የተባለውን የሚረሳ ሰው አይደለም። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ነቀምት ወንድሙ ቤት የዋለ ጊዜ፣ የወንድሙ ሚስት እንግዳ ፊት «በላተኛ» ብላዋለች። ባሕሩን ያሻገረችው ያቺ ቃል ናት። አሁን ደግሞ «ከኋላ» ተጨመረባት።

አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ደማም ውስጥ አንድ ቪላ ጣራ ላይ፣ ከሮቶው የሞተች ርግብ አወጣ። ላባዋ እጁ ላይ ተላቀቀ። ሮጦ ጥግ ይዞ አስመለሰ።

«አይዞህ» አለ የሴት ድምፅ።

ዞር አለ። በተሰጡ አንሶላዎች መካከል ሁለት ዓይኖች ብቻ ይታያሉ።

«አበሻ ነሽ?»

«ታዲያ በአረብኛ ነው እንዴ አይዞህ ያልኩህ?»

አፉን በክንዱ ጠረገ። «ይኼን ውሃ ነው የምትጠጡት?»

«እነሱ የሚጠጡት የታሸገ ነው። ከቧንቧው የምጠጣው እኔ ነኝ» አለችና ርግቧን አየቻት። «እስከ ዛሬ።»

ሊስቅ ፈለገ፤ ከየት እንደሚጀመር ጠፋው። ልጅቷ ቀና ብላ ደረጃውን አየት አደረገችና አንድ ሳሙና በአንሶላው ሥር በእግሯ ገፋ አድርጋ ላከችለት። እጁን ታጠበ፤ ደግሞ ታጠበ። ቀና ሲል ምዕራብ በኩል አንዲት ብርሃን ከቤቶቹ በላይ ስትወጣ አያት።

«እያት፣ መጣች!»

«አውሮፕላን ነዋ። አየር ማረፊያው በዚያ በኩል አይደል?»

«አውሮፕላን ብልጭ ድርግም ይላል። ይቺ አትልም። የጠፈር ጣቢያ ናት፤ ሰው ይኖርባታል።»

«ሂድ ውሸታም!»

«እውነቴን ነው! መቼ እንደምታልፍ ስልኬ ይነግረኛል።»

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ የልብስ መቆንጠጫው ቅርጫት ላይ አስደገፈችና ትንፋሿን ዋጠች። ብርሃኗ አናታቸው ላይ ደርሳ፣ ወደ ባሕሩ አልፋ፣ እንደ ጠፋ ክብሪት ጭልም አለች። ልጅቷ ስልኩን በአንሶላው አናት አሳየችው። ሰማዩ ላይ በመርፌ የተሰፋ የመሰለ ቀጭን ነጭ መስመር ወጥቷል።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«ካሜራው ዓይኑን ቶሎ እንዳይከድን ታደርገዋለህ። የማዳም ልጅ ናት ያሳየችኝ። ከዚያ በኋላ አለመነቃነቅ ብቻ ነው።»

ከታች «አዳነች! የላ!» የሚል ጥሪ መጣ። እሷም አንሶላውን እየሰበሰበች «ቁጥርህን ንገረኝ፤ በቃሌ እይዘዋለሁ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ጣቢያዋ በምታልፍበት ምሽት እሷ ከደማም ጣራ፣ እሱ ከኹበር ጣራ ያነሱ ጀመር። ያው አንዲት ብርሃን ናት። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገው ያያሉ።

«ያንተ ጎብጣለች» ትለዋለች በድምፅ መልእክት።

«ስልኬ ነው የጎበጠው።»

«ስልኩ ነው፣ ሰውዬው?»

ገመዳ ጣቢያዋን በትንሹ አስመስሎ መሥራት ጀመረ። ከተጣለ ኤሲ አልሙኒየም ላጠ። የቱና ቆርቆሮ ቀጣጥሎ ክፍሎቿን አበጀ። በባዶ የኪኒን ማሸጊያ ደግሞ ብርሃን የሚቀበሉትን ክንፎቿን ሠራ። አልጋው ላይ ተቀምጦ ሲቆርጥና ሲያጣብቅ የካልሲው ሽታ ይረሳዋል። ልቡ እዚያ ወጥታ በጠባቡ መስኮት ቁልቁል ታያለች።

«እዚያ ንጹሕ ነው፣ አዳነች» አላት አንድ ቀን። «ዝንብ የለ፣ ክርፋት የለ፣ ከኋላ ተቀመጥ የሚልህ የለ።»

አዳነች ሳቀች። «የማዳም ልጅ ያለችኝን ልንገርህ? ሽንታቸውን አጣርተው ነው የሚጠጡት።»

«እነማን?»

«እነዚያ ንጹሖችህ! ሻወርም የላቸውም፤ በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚታሹት። ከናንተ ክፍል በምን ተለየ?»

ይበላ የነበረውን እራት አስቀመጠው። ከዚያ ግን ሳቅ ከሆዱ ተነሥቶ ያዘው፤ የክፍሉ ሰዎች አብዷል ብለው እስኪያዩት ድረስ ሳቀ። በማግስቱ ከጠርሙስ ክዳን ትንሽ ሮቶ ሠርቶ ጣቢያዋ ላይ ለጠፈና «ይቺን ማን ያጥባት?» ብሎ ላከላት።

«አንተ ታጥባለህ፤ እኔ አንሶላ አሰጣለሁ» ብላ መለሰች።

ይህችን መልእክት ደጋግሞ ሰማት። ፍቅር ይሉት ነገር በሽንት ወሬ ሲጀመር አይቶ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረን።

ዓርብ ዓርብ የማዳም ቤተሰብ ኹበር ባሕር ዳር ይወጣል። አዳነች ምንጣፍ ዘርግታ፣ ፔርሙሱን ደርድራ፣ ልጆቹን ትጠብቃለች። ገመዳ ትንሽ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ውሃው ያዞራል። ሁለቱም ጆሯቸው ላይ የስልክ ማዳመጫ አድርገው፣ ሳይተያዩ ያወራሉ። የሚያያቸው ሰው እሷ ከእህቷ፣ እሱ ከእናቱ ጋር የሚያወሩ ይመስለዋል።

አንድ ዓርብ ጣቢያዋን በካርቶን ይዞ መጣ። በአሮጌ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ጫፍ ላይ በቀጭን ክር አንጠልጥሎ ወደ ላይ አነሣት። ፀሐይ ገብታ ሰማዩ ሊጠቁር ነው። የኪኒን ማሸጊያዎቹ የመንገዱን መብራት ይዘው አበሩ።

«አትነቃነቅ!» አለች ጆሮው ውስጥ። «ትንፋሽህንም ያዝ።»

ፎቶዋ ስትደርሰው ክሩ አይታይም፤ ዘንጉም አይታይም። ሰው እውነተኛዋ ጣቢያ አጠገብ ድረስ ሄዶ ያነሳት ትመስላለች።

«እኔን ለምን አላነሳሽም?»

«አንተን በፎቶ አልፈልግህም» አለች፤ ድምፅዋ ተለወጠ። «አለሚቱ የምትባል እህት አለችኝ። በፎቶ ነው የተዳረችው። ኹበር ያለ፣ ባለ መኪና፣ ጎልማሳ ነው ተባለ። የመጣው ሌላ ሰው ነው፤ ሽበታም፣ ባለ ሚስት። አባቴ ስልክ ሲያይ እስካሁን ይተፋል።»

«እኔ ሽማግሌ ብልክስ?»

የባሕሩ ድምፅ በሁለቱም ስልክ ውስጥ ተሰማ።

«እውነቱን የሚናገር ላክ» አለች።

ገመዳ የሚያውቀው አፈ ቅቤ ሰው ተካ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ አጠገቡ የሚተኛው። ተካ አዳነች አገር ሆሳዕና ደውሎ አባቷን አነጋገረ። ሲጨርስ በሙሽራ አጃቢ ፈገግታ «አልቋል በለው!» አለ።

አላለቀም ነበር። በማግስቱ ከአዳነች የድምፅ መልእክት መጣ።

«እኔ ያነሣሁትን! በገዛ እጄ ያነሣሁትን ፎቶ! ልጁ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው ብላችሁ ለአባቴ ትልካላችሁ! የሰማይ መሐንዲስ! አባቴ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ‘ያኛው መኪና አለኝ ብሎ መጣ፤ ይኼኛው ደግሞ ሰማይ ላይ ነኝ አለ። ይውረድና እንነጋገራለን’ ነው ያለው። ቤተ ዘመድ ሁሉ ሳቀብኝ። አንተም ያው ነህ፣ ገመዳ። ያው ነህ።»

ገመዳ ተካን አንገቱ ላይ ያዘው።

«ምን አደረግሁ?» አለ ተካ እየተናነቀ። «ሁሉም የሚልከውን ከስልክህ ወስጄ ላክሁ! ታዲያ ምን ልላክ? ሮቶ ውስጥ ገብተህ አተላ ስትዝቅ? የሞተች ርግብ ይዘህ?»

«አዎ! እሱን!»

«እሱን አይቶ ማን ልጁን ይሰጣል፣ ሞኝ!»

ገመዳ እጁን ፈታ። ያን ሁሉ ዘመን የተጸየፈው ፎቶ የራሱ ሆኖ ቁጭ አለ። እውነቱን ለአዳነች ደጋግሞ ላከላት፤ ሰማች፣ አልመለሰችም።

ከብዙ ሳምንት በኋላ አንድ ዓርብ ስልኩ ጠራ። ድንጋዩ ላይ ነበር፤ እሷም ምንጣፏ ላይ።

«ተካ መሆኑን አውቄያለሁ» አለች። «ራሱ ደውሎ ነገረኝ፤ እያለቀሰ። ግን አንተም እንደሚዋሽ እያወቅህ ነው የላክኸው። ይኸው፣ ውሌ አለቀ። የመውጫ ቪዛዬ፣ ኹሩጁ፣ ተመትቶልኛል። በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ።»

«አትሂጂ። ከማዳም ቤት ውጪና ኹበር አንድ ክፍል እንከራያለን።»

«ልጥፋ? ኮበለለች፣ ሁሩብ ናት ተብዬ? ሳይረን በተሰማ ቁጥር ካንተ ጋር አልጋ ሥር ልገባ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አባቴ ያለህን፤ ውረድ።»

«እጄን ልስጥ? ተርሂል ልግባ?» ተርሂል ወረቀት የሌለው ሁሉ ወደ አገሩ እስኪጫን የሚታጎርበት ቦታ ነው። «ባዶ እጄን፣ በነጠላ ጫማ አገር ልግባ? ያቺ በላተኛ ያለችኝ ሴትዮ እልል ትበል?»

«እሷን ነው እንዴ የምታገባው?»

ገመዳ ከስንት ዓርብ ያላደረገውን አደረገ፤ ዞሮ አያት። እሷም ዞራ ነበር። የማዳም ልጅ «አዳነች፣ ውሃ!» ስትል ዓይኗን ነቀለች።

አየር ማረፊያ መሸኘት ለሱ ዓይነቱ ወጥመድ መግባት ነው፤ አልሸኛትም። ሄደች። እሱም ወደ ሮቶው ተመለሰ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተካ የማያውቀውን ሰው ነጭ መኪና ተደግፎ ከእናቱ ጋር በቪዲዮ ሲያወራ ገመዳ አጠገቡ ደረሰ።

«አየሽው እማ? ይኼ ነው።»

«አየሁት ልጄ፣ ያምራል» አለች እናትየዋ ዓይኗን ወደ ስልኩ አስጠግታ። «ታዲያ አንድ ቀን እንኳ በሱ ብትመጣ ምን አለ?»

ተካ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አልቆ አፉ ብቻ ክፍት ቀረ። ገመዳ እንደ ወትሮው ሊተፋ ፈልጎ ምራቁ ደረቀ። የተካ ዕጣ የራሱ ሆኖ ታየው፤ ያን ያህል በባሕሩም ላይ አልፈራም ነበር።

በማግስቱ ኸጣብ ጥሩምባ ሲነፋ አልወረደም። ልብሱን ቀይሮ በእግሩ ተርሂል ድረስ ሄደና በሩ ላይ የቆመውን ወታደር ሰላም አለው።

«ማን ይዞ አመጣህ?» አለ ወታደሩ።

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

«ለምን?»

ገመዳ አረብኛውን ፈለገ። «ላገባ» አለ።

ወታደሩ ጓደኛውን ጠርቶ ቃሉን አስደገመው። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ገመዳም የሚሳቅበት እሱ መሆኑን እያወቀ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳቁን ከስድቦቹ ዝርዝር ውስጥ ሳያስገባ አለፈ። ውስጥ የቆየበትን ጊዜ ለማንም አላወራም። ሰው ስፍራ አጥቶ በጎኑ የሚተኛበት ቦታ ነው፤ ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ሲያወርዱት ወደ ነቀምት አልዞረም። በለበሰው ልብስ የሆሳዕና አውቶቡስ ተሳፈረ። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ መስኮት ከፈቱ፤ ቆይተውም ቦታ ቀየሩ።

የአዳነች አባት በራቸው ላይ ቆመው ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ነጠላ ጫማውን አዩ፤ ሻንጣ ፈለጉ፣ አጡ።

«ማን ልበል?»

«ገመዳ እባላለሁ፣ አባባ። ከደማም ነው የመጣሁት።»

«ሰማይ ላይ የሚሠራው?»

«የለም። ሮቶ ውስጥ ገብቼ ነበር የማጥበው። ፎቶዋ መጫወቻ ናት፤ በቱና ቆርቆሮ የሠራኋት። መኪና የለኝም፣ ቤት የለኝም። ተጠርዤ ነው የመጣሁት።»

ጎረቤት በየአጥሩ ብቅ ብሏል። ገመዳ ሁሉም ሲያየው፣ ሁሉም ሲያሸተው ይታወቀዋል። ከቦታው ግን አልተነቃነቀም።

«አዳነች!» ብለው ተጣሩ ሽማግሌው። «ነይ እስቲ ውጪ። ያልሽኝ ሰውዬ ይኼ ነው?»

ወጣች። ፀጉሯን በሻሽ አስራለች፤ በመካከላቸው አንሶላ አልነበረም። አየችው። እሱም አያት።

«እሱ ነው፣ አባባ።»

«ከስቷል።»

«አዎ።»

«ይሸታልም።»

«ይሸታል» አለች አዳነች፤ ዓይኗ ሞልቶ ነበር፣ አፏ ግን ይስቃል። «ይታጠባል እንጂ አይመለስም።»