ከሟቹ አጠገብ የነደደው ፋኖስ

ሪድዋን «ፋኖሱ እየነደደ ወጣ» አለ። ወርቁ ደግሞ «ጠፍቶ ወጣ» አለ።

ሁለቱም በአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ጉድጓድ ጠራጊው ሪድዋን ከአባቱ በወረሰው ሥራ አንድ የማይጣስ ሕግ ነበረ፤ ሰው ከመግባቱ በፊት ፋኖስ ተለኩሶ በገመድ ይወርዳል፤ እሳቱ ከጠፋ አየሩ ክፉ ነውና ማንም አይገባም። ያን ቀን ጠዋት የገባው መምህር ሚልኪያስ ግን ሬሳው ተጎትቶ ወጣ። የታላቅ ወንድሙ የወርቁ ቃል ከጸና፣ ሪድዋን ሰውን እያወቀ ወደ ሞት የላከ ወንጀለኛ ነው። ጣቢያ የታሰረውም እሱ ነበር።

ኢንስፔክተር ጽጌሬዳ አስቀድማ ሬሳውን አየች። ቁስል የለበትም። የከንፈሩ ውስጥና የጥፍሮቹ ሥር ግን ቀልቷል፤ ታፍኖ የሞተ ሰው እንደሚሆነው አልጠቆረም። ስለዚህ ነገር ለማንም ሳትናገር ወደ ታሳሪው ሄደች።

ሪድዋን ያየውን አንድ በአንድ ነገራት። መምህሩ ውኃው ለምን እንዲህ ፈጥኖ እንደሚሸሽ በዓይኔ ልይ ብሎ ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ፤ ፋኖሱንም ይዞ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ሲጠሩት ዝም አለ።

«ሌላ ነገር አላስተዋልክም?»

«ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ። ወርቁ ከአጥሩ ጀርባ የቆመ ባጃጅ ነው አለኝ። ፋኖሱ ግን ወላሂ አልጠፋም፤ ባይበራማ እኔ ራሴ አላስገባውም ነበር።»

ግቢው አቦከር ሰፈር ውስጥ ነው። የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ የቧንቧ ውኃ አንድ ጊዜ መጥቶ ሌላ ጊዜ በሚጠፋበት በዚያ ሰፈር፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጄሪካን ይዞ የሚሰለፈው ከዚህ ጉድጓድ ነበር። ጽጌሬዳ ስትደርስ የሁለቱ ወንድማማቾች እናት ወይዘሮ ገላነሽ ጥቁር ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቁልቁል ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ማሳ ሁሉ በድርቅ ነዶ ሳለ፣ አንድ የጫት ማሳ ብቻ እንደ ክረምት ለምልሟል። የማን እንደሆነ ጠየቀች። የወርቁ ነበር።

«ዱሮም ውኃው እንዲህ ይርቅ ነበር?» አለቻቸው አሮጊቷን።

«ሙሽራ ሆኜ ስመጣ በአጭር ገመድ ነበር የምንቀዳው» አሉ ወይዘሮ ገላነሽ። «በክረምት እንቁራሪቱ አያስተኛንም። መጀመሪያ እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። ቀጥሎ ሾላው ደረቀ። ዘንድሮ ደግሞ ርግቦቹ።»

«የትኞቹ ርግቦች?»

እናት ወደ ልጃቸው አዩ። ከጎናቸው የቆመው ወርቁ ቀድሟቸው መለሰ።

«በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የሚያድሩት ናቸው። ፈንግል ጨረሳቸው። ከግራር ሥር ቀበርኳቸው፤ የሰፈሩ ዶሮ እንኳ አልቆ የለ።»

«የኔ ዶሮዎች አልሐምዱሊላህ ምንም አልሆኑም» አለች ለቅሶ ልትደርስ የመጣችው ጎረቤት ናፊያ። «ይኸው ጎመንህን እየለቀሙ አይደል የምትረግማቸው?»

ናፊያ አደጋው በደረሰ ጊዜ የሪድዋንን ጩኸት ሰምታ ፈጥና የደረሰች ናት። ጎንበስ ብላ ወደ ታች ስታይ፣ መምህሩ በቢጫ ሹራቡ ተጋድሞ ነበር። ጽጌሬዳ ይህን ሰምታ ባትሪዋን አብርታ ወደ ጉድጓዱ ጎነበሰች።

ጨለማው ጥልቅ ነው። በድንጋዩ ግድግዳ ላይ ውኃው በየዘመኑ የቆመባቸው መስመሮች እስከ ታች ድረስ ተደርድረዋል፤ የታችኞቹ ይበልጥ ይራራቃሉ። ከመስመሮቹ በታች ሰው የሚቆምበት ያህል እርከን አለ። በእርከኑ ላይ ጥቁር የዘይት ጠብታ ያብረቀርቃል። ከላይ አፉ ላይ ደግሞ፣ ሪድዋን ከቆመበት ተቃራኒ በኩል፣ ከባድ ነገር የተጎተተበት ገመድ ድንጋዩን ፍቆታል።

በማግስቱ ሁሉንም ጉድጓዱ ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ሪድዋንም በካቴና መጣ።

«ናፊያ፣» አለች ጽጌሬዳ፣ «ጉድጓዱ ጨለማ ነው። ሹራቡ ቢጫ መሆኑን በምን አየሽ?»

«በፋኖሱ ነዋ። አጠገቡ ይነድ ነበር።»

ወርቁ አንገቱን ቀና አደረገ።

«እሳቱ ሰውየው ከሞተ በኋላም እየነደደ ነበር» አለች ጽጌሬዳ። «ስለዚህ ሪድዋን እውነቱን ነው የተናገረው። አየር ያነሰው ጉድጓድ ፋኖስ ያጠፋል። የሞተር ጭስ ግን ፋኖሱን ሳያጠፋ ሰው የሚገድል መርዝ አለው፤ የሟቹም ጥፍር የቀላው በዚያ ነው። ፋኖሱ የሪድዋንን አባት አላሳሳተም፤ በእሳቸው ዘመን ጉድጓድ ውስጥ ሞተር የሚያስነሳ አልነበረም። የውኃ መሳቢያ ሞተር ደግሞ ውኃው ከራቀው አይስብም፤ ወደ ውኃው መውረድ አለበት። አንድ ሰው እርከኑ ላይ ሞተር እያወረደ ጎህ ሲቀድ ጫቱን ያጠጣ ነበር። ቀድመው የሞቱት ርግቦቹ ናቸው።»

«ርግብና ዘይት ይቆጠርብኛል?» አለ ወርቁ። «ለምን ብዬ ነው ወንድሜን የምገድለው?»

«ሚልኪያስ ውኃው እንዲመለስ ጉድጓዱ ለአንድ በጋ ይረፍ እያለ ጎረቤቱን ሲያስማማ ነበር። ቢያርፍ ጫቱ ይደርቃል። በዚያ ማለዳ ሞተሩን ያስነሱት እሱን ለመግደል ነው አልልም፤ ያኔ እንደሚወርድ ላያውቁ ይችላሉ። ርግቦቹን የቀበሩት ግን እርስዎ ነዎት፤ ጭሱ እንደሚገድል ያውቁ ነበር። ወንድምዎ ገመዱን ሲያስር፣ ሪድዋንም ቤንዚን ሸተተኝ ሲል፣ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ባጃጅ ነው አሉ። ከሞተ በኋላ ደግሞ ፋኖሱን በቃልዎ አጠፉት።»

ወርቁ በእጁ ወደ ግቢው አመለከተ። «ሞተር የለኝም። ግቢውን ፈትሺ። ሞተር ሳወርድ አየሁ የሚል ሰው ካለ ይምጣ።»

ይህ ጽጌሬዳ የፈራችው ነገር ነበር። ሞተሩ የትም አልተገኘም፤ ያለ ምስክርም ዳኛ ፊት ወርቁና ሪድዋን ቃል ለቃል ይቀራሉ። ከጉድጓዱ በላይ ወዳለችው ብቸኛ መስኮት ቀስ ብላ ቀና አለች። ሌሎቹም ዓይኗን ተከተሉ። የወይዘሮ ገላነሽ መኝታ ክፍል ነበር።

ማንም አልጠየቃቸውም። ወርቁ ብቻ በለሆሳስ «እማ፣ አሁን ያለሁሽ እኔ ብቻ ነኝ» አለ።

አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፉ። የሪድዋንን ካቴና አዩ፤ ከዚያ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ያለውን ባዶ የርግብ ጎጆ አዩ። ሲናገሩ ልጃቸውን አልተመለከቱም።

«ይህን ሰው ፍቺው፣ ልጄ። እሱንም እናት ወልዳዋለች። ሞተሩን ያወረደው ወርቁ ነው፤ በዚያም ማለዳ በመስኮቴ አይቼዋለሁ። ፍርድ ቤት ቆሜ እመሰክርበታለሁ።»